ባርኔጣ አዳሿ እኅታችን

እኅታችን በ1947 ዓ.ም. ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከልብስ ሰፊዋ እናታቸውና ከሚዛን ጠጋኙ አባታቸው ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። “ነበሩ” ብሎ መጻፍ እንዲህ ይከብዳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ቅዳሜ ጠዋት በስልክ አነጋግራቸዋለች፤ ዛሬ ሰኞ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ እዚህም እዚያም ቢረግጥ አድማጭ ይቅር ይበላት። የሁላችንም ልብ ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም።

አባታቸው ከገበያ ገበያ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን የሚያስተካክሉ ሰው ነበሩ። በወር ውስጥ ቤታቸው የሚያድሩት ስምንት ቢበዛ አሥር ቀን ነው። ከራሳቸው ላይ ግራጫ ባርኔጣ አይጠፋም፤ ከጥንቸል ጠጉር ተጠቅጥቆ የተሠራ፣ ሲዳስሱት የሚለሰልስ፣ ዝናብ የማያስገባ ባርኔጣ ነበር። እኅታችን ስድስት ዓመት ሲሆናቸው አባታቸውን ደስ ለማሰኘት ብለው ይህንኑ ባርኔጣ በእናታቸው የከሰል ካውያ ሊተኩሱት ሞከሩ። ከካውያው ያመለጠች ፍም ከክፈፉ በላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቀዳዳ በሳችበት። እናታቸው ከውስጥ፣ ከላብ መጥጫው ቆዳ ሥር፣ ትንሽ ቁራጭ ሱፍ ለጠፉበት። በዚያን ዕለት ማሽናቸው ላይ የተማሪ ደንብ ልብስ ስለነበር ያገኙት ክር ቀይ ነው፤ በቀይ ሰፉትና መጨረሻውን እንደ ልማዳቸው በዶሮ እግር ቅርጽ ቋጩት። የእሳቸው እጅ ያለፈበት ልብስ ሁሉ በዚያች የዶሮ እግር ይታወቅ ነበር። ከላይ በኩል ሪባኑ ሸፈነው። አባትየው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1954 ዓ.ም.፣ አባታቸው የተሳፈሩበት የጭነት መኪና ከድልድይ ላይ የሞላ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። ከተሳፋሪዎቹ አራቱ ጭራሽ ሳይገኙ ቀሩ። ከአራቱ አንዱ እሳቸው ናቸው ተባለ። እኅታችን ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ወንድማቸው ገና ጡት አልጣለም። እናታቸው ጥቁር ለበሱ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ ማሽናቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ሌላ ባል ሳያገቡ ሁለቱን ልጆች በመርፌ አሳደጉ።

እኅታችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1966 ዓ.ም. ጨርሰው ወደ ትልቁ ከተማ በመምጣት ለሁለት ዓመት የራጅ ሙያ ተማሩ። በ1968 ዓ.ም. በከተማው ሆስፒታል ተቀጥረው በዚያው በአንድ ክፍል ውስጥ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ። ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ከበሩ በላይ ቀይ አምፖል አለው። እጃቸው ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ስለነበር በሽተኛ ከመንካታቸው በፊት ብብታቸው ውስጥ ያሞቁት እንደነበር የሥራ ባልደረቦቻቸው ይናገራሉ። “ትንፋሽዎን ይያዙ... አሁን ይተንፍሱ” የሚለውን በዕድሜያቸው ስንት ሺህ ጊዜ እንዳሉት የሚያውቅ የለም። በእንቅልፋቸውም ይሉት ነበር ብለው ባለቤታቸው ይመሰክራሉ።

ባለቤታቸው የዚያው ሆስፒታል አምቡላንስ ሾፌር ናቸው። በሽተኛ ሳይዙ በቀን ሦስት ጊዜ ራጅ ክፍል መታየት ሲያበዙ፣ እኅታችን “ወይ ይታመሙ ወይ ይናገሩ” አሏቸው። ተናገሩ። በ1971 ዓ.ም. ተጋብተው በ1974 ዓ.ም. ዛሬ የሂሳብ መምህርት የሆነችውን ልጃቸውን ወለዱ።

የባርኔጣው ነገር የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነው። አንድ አዛውንት በሽተኛ ልብሳቸውን አውልቀው ሲነሡ ባርኔጣቸውን ራጅ ክፍሉ ማንጠልጠያ ላይ ረሱት። ሰውየው ከሆስፒታሉ በሕይወት አልወጡም፤ ባርኔጣውን የጠየቀም አልመጣም። ዓመት ሙሉ እዚያው ተንጠልጥሎ አቧራ ጠጣ። ጽዳት ሠራተኛዋ ልትጥለው ስትል እኅታችን ተቀብለው ቤታቸው ወሰዱት፣ በሚፈላ ጀበና እንፋሎት ላይ ያዙት፣ በጣታቸው ቀስ እያሉ ጎባጣውን አቀኑት፣ በብሩሽ ጠጉሩን ወደ አንድ አቅጣጫ አስተኙት። በማግስቱ ደፍተውት ሥራ ገቡ። የወንድ ባርኔጣ ነው፤ ግን እንደ ተለካላቸው ያህል ልክክ አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። ከአሮጌ ልብስ ነጋዴዎች፣ ከሟች ቤት ዕቃ፣ ከቆሻሻ ክምር ሳይቀር ያረጀ ባርኔጣ ይለቅሙ ጀመር። ብል የበላውን በዚያው ቀለም ብናኝ ሱፍ ይሞላሉ፤ ላብ ያደረቀውን ቆዳ አውጥተው ዘይት ያጠጣሉ፤ ሪባኑን ፈተው ያጥባሉ፤ ከዚያ አናጢ በልጃቸው ጭንቅላት ልክ በጠረበላቸው የእንጨት ፎርማ ላይ ወጥረው ያደርቃሉ። ልጃቸው እስከ ዛሬ “የእናቴ ፎርማ እኔ ነኝ” ትላለች። አንድ ጊዜ በቤቱ ውስጥ መቶ አርባ ባርኔጣ ተቆጥሯል፤ ባለቤታቸው ልብስ የሚሰቅሉበት ቦታ አጥተው ኮታቸውን አምቡላንሱ ውስጥ ያሳድሩት ነበር።

ነጭ ጋውን ለብሰው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው በኮሪደሩ ሲያልፉ አንድ ጡረተኛ ወታደር ከአልጋው ተነሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው። “ኮሎኔሏ” የሚለው ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለጠፈባቸው፤ ራሳቸውም ስልክ ሲያነሡ “ኮሎኔሏ ነኝ” እስከማለት ደርሰው ነበር። በሕክምና ምክንያት ጠጉራቸው ለረገፈ በሽተኞች ከስብስባቸው እያወጡ፣ ጠዋት በእንፋሎት እያለሰለሱ፣ በራሳቸው ልክ አስተካክለው ይሰጡ ነበር። ዛሬ ከመካከላችሁ ያንን ባርኔጣ ደፍታችሁ የመጣችሁ አላችሁ።

በ2003 ዓ.ም. የሆነውን እዚህ ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ላይ ቤተሰቡ ትናንት ከሰዓት ተከራክሯል። ታናሽ ወንድማቸው “የእሷ ሕይወት ከሆነ ይጻፍ” አሉ። ክርክሩ በዚያ አለቀ።

በዚያ ዓመት እኅታችን ከደንበኛቸው ከአሮጌ ልብስ ነጋዴው ሦስት ባርኔጣ ገዝተው ወደ ቤት ገቡ። ሁለቱን አጸዱ። ሦስተኛው ግራጫ ነው። ሪባኑን ፈቱ፣ የላብ መጥጫውን ቆዳ ገለበጡ፣ ከዚያ ሥራቸውን አቆሙ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሁለት ጊዜ ጠሯቸው። ሲወጡ እኅታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

“ምን ሆንሽ?”

“የእማዬ ክር ነው” አሉ።

ቁራጭ ሱፍ፣ ቀይ ክር፣ መጨረሻው ላይ የዶሮ እግር። ወንዝ ወሰደው የተባለው ባርኔጣ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ውሃ የነካው አይመስልም።

በማግስቱ ነጋዴውን ሄደው ጠየቁ። ነጋዴው የገዛበትን ቤት ያስታውሳል፤ ከሆስፒታሉ ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ በር። ሄደው አንኳኩ።

ከዚህ በኋላ “የጽሑፉ አዘጋጅ” እያልኩ መቀጠል ያቅተኛል። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። አንዲት የማላውቃቸው ሴት አረንጓዴ ባርኔጣ ደፍተው፣ ግራጫ ባርኔጣ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል።

“ይህን የሸጥሽው አንቺ ነሽ?” አሉኝ።

ብል ኖሮት ሊመልሱት የመጡ መሰለኝ። “የተሸጠ አይመለስም” አልኳቸው።

“ልመልስ አልመጣሁም። የማን ነበር?”

“የአባቴ።”

“የት አሉ?”

“አረፉ። ሦስት ወራቸው ነው።”

የበሩን መቃን ያዙ። የታመሙ ስለመሰለኝ አስገብቼ ውሃ ሰጠኋቸው። ውሃውን ሳይነኩ ግድግዳው ላይ ያለውን የአባቴን ፎቶ ሲያዩ ቆዩ። ያውቋቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እኔም ሌላ የማደርገው ጠፍቶኝ የአባቴን የቀብር ጽሑፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። “የሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፤ አንዲት ሚስት አግብተው ሦስት ልጆች ወልደዋል” ይላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አጥፈው መለሱልኝ።

“ቆንጆ ጽሑፍ ነው” አሉ። “ግን ሁለት ልጅ ጎድሏል።”

ከዚያ ባርኔጣውን ገልብጠው ክሩን አሳዩኝና ድልድዩን፣ ወንዙን፣ እናታቸውን በአጭሩ ነገሩኝ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። እኔ ምን አደረግሁ? ከቤቴ ይውጡልኝ አልኳቸው። ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የምናዘዘው ይህን ነው። አባቴ በሕይወታቸው ሰው ያላስቀየሙ፣ ሰዓት ያላዛቡ ሰው ናቸው፤ አንዲት ባርኔጣ የደፋች ሴት መጥታ ሌላ ስም፣ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጆች ነበሯቸው ስትለኝ ምን ልበል? እኅታችን አልተቆጡም። ስማቸውንና የሥራ ቦታቸውን ነግረውኝ ደረጃውን ወረዱ።

ሆስፒታሉን ሲጠሩ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ለአራት ቀን ተቋቋምኩት። በአምስተኛው ቀን የአባቴን ወረቀቶች ሳጥን ገለበጥኩ፤ ሴትዮዋ ውሸታም መሆናቸውን የሚያሳይ ነገር ነበር የምፈልገው። ያገኘሁት ትልቅ ቡናማ ፖስታ ነው። የደረት ራጅ፣ 1998 ዓ.ም.። ከታች የራጅ ባለሙያዋ ስም በእጅ ተጽፏል። ከስማቸው ቀጥሎ ያለውን የአባት ስም እኔ ሰምቼው አላውቅም፤ አባቴ በእኛ ቤት የሚጠሩት በሌላ ስም ነበር።

ፖስታውን ይዤ ምድር ቤት ወረድኩ። እኅታችን ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅለው አዩት።

“አስታውሰዋለሁ አልልሽም” አሉኝ። “በቀን ስልሳ ሰው ነው የማነሣው። ይህን ባርኔጣ ይዞ ቢገባ ግን አውቀው ነበር።”

ባርኔጣው እኔ ጋ ነበር። አባቴን ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፤ “ያዢልኝ” ብለው ሰጥተውኝ ገቡ፣ እኔም ጉልበቴ ላይ አስቀምጬው ኮሪደር ላይ ጠበቅኋቸው። ከእሳቸውና ከባርኔጣው መካከል አንድ በር ብቻ ነበር። አባቴ ሲወጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አልነሣ አሉ። ምን እንደሆኑ ስጠይቃቸው “ራጅ የምታነሣው ልጅ እጇ ቀዝቃዛ ነው” አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ሆስፒታል አልረግጥም ብለው፣ እስኪሞቱ ድረስ በሁለት አውቶቡስ ሌላ ቦታ ይዣቸው እሄድ ነበር። የሽማግሌ አመል ነው ብለን ስቀንባቸዋል።

ይህን ስነግራቸው እኅታችን ጋውናቸው ላይ የተንጠለጠለውን የስም መታወቂያ በእጃቸው ያዙት። ስማቸው ከነአባታቸው በትልቁ ተጽፎበታል። ሁለታችንም ያኔ ገባን። አባታችን አንብበውታል። ልጃቸው መሆኗን አውቀው፣ በታዘዙት ቦታ ቆመው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ተነሥተው ወጡ። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ በሁለት ፌርማታ ርቀት ኖሩ። ለምን እንዳልተናገሩ፣ ከመኪናው እንዴት እንደ ተረፉ፣ ቀድሞውኑ ተሳፍረውበት ነበር ወይስ አልነበረም፣ ዛሬም አናውቅም። የሚያውቅ ሰው የለም።

እኅታችን ፊልሙን እንደገና ጠጋ ብለው አዩት። “ጥርት ያለ ነው” አሉ። “ትንሽ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።” ከዚያ መብራቱን አጠፉት። እኔ ማልቀስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ እሳቸው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ አሙቀው ጉንጬ ላይ አደረጉ።

እናታቸው ያኔ ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በሕይወት ነበሩ። ይነገራቸው አይነገራቸው እያሉ እኅታችን ሦስት ሳምንት አመነቱ። በመጨረሻ ባርኔጣውን ይዘው ሄደው ነገሯቸው። እናትየው አልጮኹም። መነጽራቸውን አድርገው ስፌቱን አዩ፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

“ክሩ የእኔ ነው” አሉ። “መቀስ አምጪ።”

አንድ በአንድ ፈቱት። ሃምሳ ዓመት የኖረውን ቀይ ክር በጣታቸው ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ባርኔጣውን ከነቀዳዳው መለሱ። በሳምንቱ “ያችን ልጅ አምጫት፤ ልያት” አሉ።

እየፈራሁ ሄድኩ። እንደምን ዋልሽ ከማለታቸው በፊት አዙረው ትከሻዬን አዩ። “የቀኝ ትከሻሽ ዝቅ ይላል። እንደ እሱ። ኮት ተስተካክሎልሽ ያውቃል?” አሉኝ። አያውቅም። በሜትር ለክተው፣ ቀኙን ትከሻ በውስጥ አሳድገው፣ ቡናማ ኮት ሰፉልኝ። በሕይወቴ ቀጥ ብሎ የተቀመጠልኝ ልብስ እሱ ብቻ ነው፤ ዛሬም የለበስኩት እሱን ነው። እናታችን በ2008 ዓ.ም. አረፉ። “እናታችን” ማለቴን ልጃቸው፣ ታላቅ ወንድሜ፣ ፈቅደውልኛል።

እኅታችን ቀዳዳውን መልሰው አልደፈኑትም፤ ያንን ባርኔጣ ደፍተውትም አያውቁም። “የሸጥሽው አንቺ ነሽ፤ መልሰሽ ውሰጂው” ብለው ሰጡኝ። አንድ ጊዜ ሰው ሊያጽናናቸው ብሎ “ባርኔጣ ስትሰበስቢ የኖርሽው ለካ አባትሽን ስትፈልጊ ነው” ቢላቸው፣ “አይደለም፤ ባርኔጣ ስለምወድ ነው። እሱ ሞቷል ብዬ ነበር የማምነው” ብለው ቁርጡን ነገሩት። ሰው የእሳቸውን ነገር እንዲያሳምርላቸው አይፈልጉም ነበር።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ እየሄድኩ ሥራውን ተማርኩ። እንፋሎት ሲበዛ ሱፉ እንደሚሸበሸብ፣ ብሩሽ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ እንደሚሄድ፣ አሮጌ ቆዳ በጥርስ ሳይሆን በትዕግሥት እንደሚወጣ አሳዩኝ። ሳጠፋ “ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ባርኔጣ ነው ወይስ ድንች የያዝሽው?” ይሉኛል። ሁለቱ ታናናሽ ወንድሞቼ ነገሩን ለመቀበል ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ አንደኛው ራሱ እየተመለጠ ሲመጣ ባርኔጣ ፈልጎ ሄደ፣ በዚያው እኅቱን አገኘ።

በዚህ ቦታ ላይ “በአደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው” ተብሎ ይጻፋል። እኅታችን ሕመም አላደረባቸውም። ባለፈው ወር ደረጃ ሲወጡ ቀድመውኛል። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ደውለው “ስትመጪ ሁለት ሜትር ጥቁር ሪባን ይዘሽ ነይ፤ ሰፊውን፣ ቀጭኑን እንዳታመጪ” አሉኝ። አመጣሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አምቡላንሱን በራቸው ላይ ቆሞ አየሁት። ባለቤታቸውን ፍለጋ የመጣ የሥራ ጓደኛ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ሪባኑን እንኳ ከቦርሳዬ አውጥቼ ነበር። ስገባ ጠረጴዛው ላይ የጀመሩት ባርኔጣ ፎርማው ላይ ተወጥሮ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ነበር። ሐኪሞቹ ጭንቅላታቸው ውስጥ የደም ሥር ፈንድቶ ነው አሉን። ሠላሳ ዓመት ከፊት ተቀምጠው አምቡላንስ የነዱት ባለቤታቸው ያን ቀን ከኋላ ተቀመጡ፤ ለሾፌሩ “በቀኝ ያዝ፣ ያኛው መንገድ ጉድጓድ አለው” እያሉት ሄዱ። እኅታችን ሆስፒታል ሳይደርሱ በ2014 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እኛ ግን እስካሁን የሆነ ሰው ወጥቶ “ስሕተት ነው” እንዲለን እየጠበቅን ነው።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሦስት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እኅታቸውን ትተው ሄደዋል።

እኅትየው እኔ ነኝ። በአባቴ ቤት የመጀመሪያ ልጅ ሆኜ ስላደግሁ የሚቆጣኝም የሚጠይቀኝም ታላቅ አልነበረኝም። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ታናሽ ሆንኩ። መንገድ ስሻገር እጄን የሚይዝ፣ “በልተሻል?” ብሎ መልሴን የማያምን ሰው አገኘሁ። አሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከቅዳሜ ጀምሮ ከሴቶቹ ልጆች እንደገና ታላቋ እኔ ሆኛለሁ፤ እንዴት እንደሚኮን ግን ጠፍቶብኛል።

ፈጣሪ ለእኅታችን ነፍስ መልካም ማረፊያ ያዘጋጅላት። ለእኛም መሄዳቸውን አምነን እስክንቀበል ድረስ ልብ ይስጠን።